የአሮጌ ፍላሽ ቮልት

በፊልም ዘመን የተሠራ ፍላሽ ባትሪ ገብቶለት፣ ሞልቶ የዝግጁነት መብራቱ ሲበራ፣ ከእግሩ ሥር ባለችው የመሃል ነጥብና በጎን ባለው ብረት መካከል ከ200 ቮልት በላይ ሊገኝ ይችላል። የቤት ሶኬት ላይ ያለው 220 ቮልት ነው። አንዳንድ ዲጂታል ካሜራ ደግሞ ፍላሹ በሚሰካበት ቦታ ከ6 ቮልት በላይ አይሸከምም። የሚከተለው ምልልስ በአንድ የካሜራ ጠጋኝና ሠርግ በምታነሳ ወጣት ፎቶ አንሺ መካከል ነው። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ቪቪታር 283 ነው፤ ከሆዱ በታች በጃፓን መሠራቱ ተጽፎበታል። የአጎቷ ፎቶ ቤት ሲዘጋ ለእሷ የደረሳት እሱ ነው።

ፎቶ አንሺዋ፦ ጋሼ፣ ይሄ ፍላሽ የሚጎርሰው አራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ነው። አራቱ ተደምረው 6 ቮልት ናቸው። 200 ቮልቱ ከየት ይመጣል?

ጠጋኙ፦ ስትከፍቺው ሲር እያለ የሚቀጥን ድምፅ ትሰሚያለሽ አይደል? እሱ ቮልት የሚያሳድገው ክፍል ድምፅ ነው። የባትሪውን ኤሌክትሪክ እየቆራረጠ በትንሽ ትራንስፎርመር ያሳልፍና ከ300 ቮልት በላይ ያደርሰዋል፤ ትልቁ ካፓሲተር ያንን ያጠራቅማል። አምፖሉ ዜኖን የሚባል ጋዝ የታሸገበት የመስታወት ቱቦ ነው። ጋዙ እንዲሁ እንዳለ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ካፓሲተሩ የቱንም ያህል ቢሞላ ቱቦው ዝም ይላል። የሚቆሰቁሰው ይፈልጋል። ለዚህ ሥራ ሌላ ትንሽ ካፓሲተር አለች። እሷ ስትራገፍ ከሌላ ትራንስፎርመር በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይወጣና ቱቦውን ከውጭ ይነካዋል፤ ጋዙ መንገድ ይከፍታል፤ ትልቁ ካፓሲተር ያን ጊዜ ያለውን ሁሉ በቱቦው ውስጥ ያፈሳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በአንድ ሺኛ ሰከንድ አካባቢ ነው። ይህን ዓይነት ብልጭታ ለፎቶ ሥራ ያበቃው በአሜሪካ የኤም አይ ቲ መምህር የነበረው ሃሮልድ ኤጀርተን ነው፤ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው። መሠረቱ እስካሁን አልተለወጠም።

ፎቶ አንሺዋ፦ ታዲያ ካሜራው የት ላይ ነው የሚገባው?

ጠጋኙ፦ ካሜራው ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው። ሹተሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የመሃሏን ነጥብ ከጎኑ ብረት ጋር ያገናኛል። አሮጌው ፍላሽ ላይ ይህ ማብሪያ የተቀመጠው በትንሿ ካፓሲተር መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ፍላሹ ሞልቶ በሚጠብቅበት ጊዜ ሁሉ የካፓሲተሯ ሙሉ ቮልት እዚያ ነጥብ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ትሪገር ቮልቴጅ የሚባለው እሱ ነው። በአዲሶቹ ፍላሾች ግን ትንሿን ካፓሲተር የሚያራግፋት በፍላሹ ውስጥ ያለ ታይሪስተር ነው። ከካሜራው የሚፈለገው ታይሪስተሩን መቀስቀስ ብቻ ስለሆነ ነጥቡ ላይ የሚገኘው ጥቂት ቮልት ነው።

ፎቶ አንሺዋ፦ አጎቴ በዜኒት ካሜራ ዕድሜውን ሙሉ በእንደዚህ ዓይነት ፍላሽ ሲያነሳ ኖሯል። አንድም ቀን ካሜራው አልተቃጠለም።

ጠጋኙ፦ አይቃጠልም። ዜኒት ውስጥ ማብሪያው ሁለት የብረት ምላስ ነው፤ ሲነካካ ይበራል፣ ሲለያይ ይጠፋል። ለብረት 250 ቮልት ምንም አይደለም። ከብዙ ዘመን በኋላ ጫፉ ይጠቁር ይሆናል፤ በጥሩ ወረቀት ይጠረጋል፤ ሥራው ይቀጥላል። ዲጂታል ካሜራ ውስጥ ግን በብረቱ ምላስ ቦታ የገባው ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ሴሚኮንዳክተር ነው። እያንዳንዱ ሴሚኮንዳክተር የሚችለው የቮልት ልክ አለው። ልኩ ሲታለፍ ውስጡ ይበሳል። የተበሳ ደግሞ አይድንም።

ፎቶ አንሺዋ፦ ከትንሿ ካፓሲተር የሚወጣው ግን ያን ያህል ኃይል ነው? አንድ ቀን ነጥቡን በጣቴ ነክቼው ቆንጠጥ አድርጎ ነው የለቀቀኝ።

ጠጋኙ፦ ኃይሉ ትንሽ ነው። ካፓሲተሯ 0.1 ማይክሮፋራድ ብትሆንና በ250 ቮልት ብትሞላ የምትይዘው የአንድ ጁል ሦስት ሺኛ ነው። ጣት ላይ መቆንጠጥ ነው፤ ለቀጭን ሴሚኮንዳክተር ግን ከበቂ በላይ ነው። የሚያታልለውም ይኸው ነው። ሰው በጣቱ ይነካና «ምንም አይልም» ብሎ ካሜራው ላይ ይሰካዋል።

ፎቶ አንሺዋ፦ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አሮጌ ፍላሹን ዲጂታል ካሜራው ላይ ሰክቶ ሁለት ሠርግ አንስቶበታል። በሦስተኛው ሠርግ ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲሉ ፍላሹ እምቢ አለ። ፍላሹ ተበላሸ ብሎ ሌላ ቢሰካም አልበራም።

ጠጋኙ፦ የሞተው ካሜራው ነው። እዚህ የሚመጣው አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። አንዳንዱ በመጀመሪያው ብልጭታ ይሄዳል፤ አንዳንዱ በእያንዳንዱ ምት ትንሽ ትንሽ እየተጎዳ ቆይቶ ያቆማል። ስለዚህ «ትናንት ሠርቷል» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። ምልክቱም ሁለት ዓይነት ነው። ማብሪያው ተከፍቶ ከቀረ የትኛውም ፍላሽ አይበራም። ተዘግቶ ከቀረ ፍላሹ ገና ሲሰካ ራሱን ያበራል፤ ወይም አንዴ ከበራ በኋላ ለሚቀጥለው ምት አይታዘዝም። በከፋው ጊዜ ጉዳቱ ወደ ዋናው ቦርድ ያልፋል፤ ያን ጊዜ የጥገናው ዋጋ ከካሜራው ዋጋ ጋር መፎካከር ይጀምራል።

ፎቶ አንሺዋ፦ የኔ ካሜራ ስንት እንደሚችል እንዴት ነው የማውቀው?

ጠጋኙ፦ መጀመሪያ የሚታየው መመሪያው መጽሐፍ ነው፤ ስለ ውጭ ፍላሽ በሚናገረው ገጽ ላይ ይጻፋል። የኒኮን መመሪያዎች ከ250 ቮልት በላይ ወይም ኔጋቲቭ ቮልት ሆት ሹ በሚባለው የፍላሽ መሰኪያ ላይ እንዳይገባ ያስጠነቅቃሉ። ካኖን ላይ ዘመኑ ይለያያል። እንደ ኢኦኤስ 300ዲ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ዲጂታል ካሜራዎች ልካቸው 6 ቮልት ነበር፤ 20ዲ ላይ 250 ደረሰ። አይኤስኦ 10330 የሚባለው እ.ኤ.አ. የ1992 ዓለም አቀፍ ደረጃ ካሜራዎች እስከ 24 ቮልት እንዲችሉ ይጠይቃል። መመሪያው ከጠፋና ቁጥሩ ካልተገኘ፣ ካሜራው 6 ቮልት ብቻ ይችላል ብሎ መነሳት ነው። ከ6 በታች የሆነ ፍላሽ በቮልቱ ብዛት የትኛውንም ካሜራ አይጎዳም።

ፎቶ አንሺዋ፦ ስለ ቪቪታር 283 ግን ብዙ ሰው ጽፏል። በጃፓን የተሠራው ከፍተኛ ቮልት አለው፣ በኋላ በኮሪያና በቻይና የተሠራው ከ10 ቮልት በታች ነው ይላሉ።

ጠጋኙ፦ በአብዛኛው እውነት ነው፤ ግን ተማምነሽ ካሜራ ላይ የምትሰኪበት እውነት አይደለም። 283 ለረጅም ዓመታት የተመረተ ፍላሽ ነው፤ ስሙና ቅርፁ ሳይለወጥ ውስጡ ተለውጧል። ከዚያ ላይ እዚህ እስኪደርስ በስንት ጠጋኝ እጅ አልፏል፤ የአንዱ ቦርድ ወጥቶ ሌላው ላይ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩ ላይ ያለው ቁጥር የሌላ ሰው ፍላሽ ቁጥር ነው። ያንቺን የሚነግርሽ ያንቺን መለካት ብቻ ነው። እንለካው።

ጠጋኙ አራት አዲስ ባትሪ ድንጋይ አስገባ። የቢጫ ቀለሟን ርካሽ ዲጂታል ቴስተር በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በኩል ከፍተኛው መስመር ላይ አዞራት። ፍላሹ ሲር ብሎ ቀይ መብራቱ በራ፤ እሱ ግን ወዲያው አልለካም።

ፎቶ አንሺዋ፦ መብራቱ በርቷል እኮ።

ጠጋኙ፦ መብራቱ የሚበራው ሙሉ በሙሉ ሳይሞላ ነው። ቮልቱ ከዚያ በኋላም ይጨምራል። አንድ ደቂቃ ይቆይ። ቀዩ ዘንግ የመሃሏ ነጥብ ላይ ይቀመጣል፤ ጥቁሩ በጎኑ ብረት ላይ። የእግሩ ጎን ፕላስቲክ ከሆነ ጥቁሩ በገመድ መሰኪያው ውጫዊ ቀለበት ላይ ይያዛል፤ ቀዩ ደግሞ መሃል ባለችው መርፌ ላይ። አንዱ ዘንግ ተንሸራቶ ሁለቱን ካገናኘ ፍላሹ ይተኩሳል፤ ስለዚህ ፊቱ ከዓይን ዞሮ ይቀመጥ።

ቴስተሯ 128 አለች።

ፎቶ አንሺዋ፦ እንግዲያው የኔ ካሜራ 250 ከሚችሉት አንዱ ስለሆነ ምንም አይለውም ማለት ነው!

ጠጋኙ፦ ቆይ፣ አትቸኩዪ። አሁን ያነበብሽው ፍላሹ ከቴስተሯ ጋር ተካፍሎ የተረፈውን ነው። የፍላሹ ነጥብ ከውስጡ ጋር የሚገናኘው በትልቅ ሬዚስተር በኩል ነው፤ ሬዚስተሩ ወደ 1 ሜጋ ኦም ሊደርስ ይችላል። ይቺ ርካሽ ቴስተር ራሷ ውስጧ 1 ሜጋ ኦም ነው። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ቮልቱን እኩል ይካፈሉታል፤ ቴስተሯ የምታሳየው የራሷን ድርሻ ብቻ ነው። በመርፌ የሚያነቡት አሮጌ ትንንሽ ቴስተሮች ደግሞ ከዚህም ብሰው ዝቅ አድርገው ያነባሉ።

ከመሳቢያው ውስጡ 10 ሜጋ ኦም የሆነውን ሌላ ቴስተር አወጣ። በዚያው ፍላሽ፣ በዚያው ነጥብ ላይ 228 ተነበበ።

ጠጋኙ፦ ሁለቱን ንባብ ይዘን ስሌቱን ብንሠራ የፍላሹ የውስጥ ሬዚስተር ወደ 0.95 ሜጋ ኦም፣ እውነተኛው ቮልት ደግሞ 250 ገደማ ይወጣል። በቢጫዋ 128 አይተሽ ብትሄጂ ኖሮ ግማሽ ያህሉ ተሰውሮብሽ ነበር። ከነገሩ ሁሉ ይኼ ነው የሚያሳስበኝ። ሰው ለካሁ ብሎ ልቡን ያሳርፋል፤ መሣሪያው ግን ዋሽቶታል። ያለሽ ርካሽ ቴስተር ብቻ ከሆነ የሚነበበውን ቢያንስ እጥፍ አድርገሽ አስቢው፤ ዲጂታሉ 10 ሜጋ ኦም መሆኑ ሽፋኑ ላይ ወይም መመሪያው ላይ ከተጻፈ ግን ንባቡ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

ፎቶ አንሺዋ፦ 250 ከሆነ ልኩ ላይ ነው። አላለፈም።

ጠጋኙ፦ 250 የሚለው ከዚህ በላይ አታምጣ ማለት ነው። ፍላሽ ደግሞ አዲስ ባትሪ ሲገባ፣ ሲሞቅ፣ ሲያረጅ ቮልቱ ይዋዥቃል። ጠርዝ ላይ የቆመ ነገር ነፋስ አይችልም። እኔ ይህን ፍላሽ ካሜራ አናት ላይ አልሰካም። ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ቢመጣ ደግሞ ቮልቱ ትንሽ ቢሆንም አልሰካውም፤ ዋልታው ተገልብጧል ማለት ነው፤ የካሜራው ሴሚኮንዳክተር በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሠራ ነው የተሰናዳው።

ፎቶ አንሺዋ፦ ሆት ሹው ላይ የሚገባ የገመድ መሰኪያ አለኝ። ፍላሹን በገመድ አርቄ ብይዘውስ?

ጠጋኙ፦ ገመድ መንገድ ነው፤ ቮልት አይቀንስም። ፍላሹ ሦስት ሜትር ቢርቅም 250ው ያው ካሜራው ደጃፍ ላይ ይደርሳል። ለዚህ የተሠራ ዕቃ ዌይን ሴፍ ሲንክ ይባላል። በካሜራውና በፍላሹ መካከል ይገባል፤ እስከ 400 ቮልት የሚደርስ ፍላሽ ተቀብሎ ለካሜራው ከ6 ቮልት በታች ያሳየዋል። ከተገኘ ሌላ ሐሳብ አያስፈልግም፤ ችግሩ ዋጋው ከአሮጌ ፍላሹ ዋጋ ሊበልጥ መቻሉ ነው።

ፎቶ አንሺዋ፦ ካልተገኘስ?

ጠጋኙ፦ የሬዲዮ ትሪገር ይሻላል። ላኪው ካሜራው ላይ ይሰካል፣ ተቀባዩ ፍላሹ እግር ላይ። በመካከላቸው ሽቦ ስለሌለ የፍላሹ ቮልት ካሜራው ጋ የሚደርስበት መንገድ የለውም። ሁለት ነገር ግን ልብ በይ። አንደኛ፣ ቮልቱን የሚሸከመው አሁን ተቀባዩ ነው፤ አንዳንዱ ተቀባይ እስከ 300 ይችላል፣ አንዳንዱ ገና 12 ላይ ይቃጠላል። ከመግዛትሽ በፊት ቁጥሩን ጠይቂ። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ላኪ አናቱ ላይ ሌላ ፍላሽ የሚቀበል ሆት ሹ አለው። የአሮጌ ፍላሽ ቦታ እሱ አይደለም፤ ያ ሆት ሹ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ ካሜራው ያልፋል።

ፎቶ አንሺዋ፦ በብርሃን የሚነቃ ስሌቭ የሚባለውስ?

ጠጋኙ፦ ከሁሉ የሚረክሰው እሱ ነው። ፍላሹ እግር ላይ ይገባል፤ የሌላ ፍላሽ ብልጭታ ሲያይ የራሱን ያበራል። አዳራሽ ውስጥ በደንብ ይሠራል፤ ፀሐይ ላይ ያዳግተዋል። ዲጂታል ካሜራ ላይ ያለው ትንሽ ፍላሽ ግን ዋናውን ብልጭታ ከመተኮሱ በፊት ብርሃን ለመለካት ሌላ ብልጭታ ይተኩሳል። ዓይን ሁለቱን አይለያቸውም፤ ስሌቩ ግን በመጀመሪያው ይነቃል። ፎቶው ሲነሳ አሮጌው ፍላሽ ባዶውን ነው። ስለዚህ የካሜራው ፍላሽ ከአውቶማቲክ ወጥቶ ማንዋል ላይ ይደረጋል፤ ጉልበቱም ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል። ሠርግ ላይ ደግሞ እንግዶች በየአቅጣጫው ፍላሽ ስለሚያበሩ ስሌቩ ለእነሱም ይታዘዛል፤ ያን ጊዜ ሬዲዮው ይመረጣል።

ፎቶ አንሺዋ፦ ቮልቱ ከ6 በታች የሆነ አሮጌ ፍላሽ ባገኝ ግን በቀጥታ መሰካት እችላለሁ?

ጠጋኙ፦ እግሩ ላይ ያለችው ነጥብ አንድ ከሆነች፣ አዎ። ለሌላ ኩባንያ ካሜራ ተብሎ የተሠራ ፍላሽ ተጨማሪ ነጥቦች ይኖሩታል። የአንዱ ኩባንያ ነጥብ የሌላው ነጥብ ላይ ሲያርፍ ያልታሰበ መልእክት ይተላለፋል። ከመሃሏ በስተቀር የቀሩት በቀጭን ናስትሮ ይሸፈናሉ። የጎኑን ብረት እንዳትሸፍኚ፤ መመለሻው መንገድ እሱ ነው። ደግሞ የካሜራውን ሆት ሹ ጎንበስ ብለሽ እዪው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ካኖን ኢኦኤስ 250ዲ መሃል ላይ ነጥብ የለውም። እንዲህ ባለው ላይ አሮጌ ፍላሽ አይጎዳም፣ አይበራምም። በአንዳንድ ካኖን ካሜራ ደግሞ በላይቭ ቪው (በስክሪኑ እያዩ) ሲነሳ የድምፅ አልባው አተኳኮስ ካልጠፋ የሌላ ኩባንያ ፍላሽ አይተኩስም። ፍላሽ ተበላሸ ተብሎ ከሚመጣልኝ ውስጥ የዚህ ዓይነቱ ጥቂት አይደለም።

ፎቶ አንሺዋ፦ ይህ ፍላሽ ከአሥር ዓመት በላይ ካርቶን ውስጥ ነበር። እርስዎ ሲከፍቱት ለመሙላት ብዙ ጊዜ ወሰደ።

ጠጋኙ፦ ትልቁ ካፓሲተር ሥራ ሲፈታ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽፋን ይሳሳል። ቀስ ብሎ ይመለሳል። አዲስ ባትሪ ይገባል፤ ፍላሹ ይከፈታል፤ መብራቱ ከበራ በኋላ ጥቂት ደቂቃ እንደሞላ ይቆያል፤ ይጠፋል፤ ያርፋል፤ እንደገና ይከፈታል። ይህ ጥቂት ጊዜ ተደጋግሞ ከዚያ ይተኮሳል። መሙያ ጊዜው እያጠረ ከመጣ ካፓሲተሩ እየዳነ ነው። ሆዱ ከጋለ፣ ጭስ ጭስ ከሸተተ ወይም ከተንጣጣ ባትሪው ወጥቶ ነገሩ ያበቃል። በመጀመሪያዎቹ ተኩሶች ፊትሽን አታስጠጊው።

ፎቶ አንሺዋ፦ ከፍቼ ካፓሲተሩን በአዲስ ብቀይረውስ?

ጠጋኙ፦ ይኼን እንዳትሞክሪ፣ ልጄ። ቅድም በጣቴ ነካሁት ያልሽው የትንሿ ነው። ትልቁ 1000 ማይክሮፋራድ ቢሆንና በ330 ቮልት ቢሞላ የሚይዘው 54 ጁል ነው፤ ከትንሿ ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ። ባትሪው ከወጣ በኋላም ሞልቶ ይቆያል። ልብ ላይ ካለፈ ሰው ይገድላል። በካቻቢቴ አገናኝተው የሚያራግፉት አሉ፤ ብረቱን ያቀልጣል፣ ዓይን ላይ ይፈነጥቃል። የሚራገፈው በተገቢው ሬዚስተር ነው፤ ተራግፎም ባዶ መሆኑ በቴስተር ይረጋገጣል።

የባትሪው ክፍል ክዳን ሲከፈት ከአንዱ ስፕሪንግ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ቅርፊት ታየ። ጠጋኙ ጥጥ በኮምጣጤ ነክሮ እስኪጠፋ አሸው፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጠረገው።

ጠጋኙ፦ ይኼ ከባትሪ ድንጋይ የፈሰሰ ነው፤ አልካሊ ስለሆነ ኮምጣጤ ያበርደዋል። ፍላሽ ሲቀመጥ ባትሪ ውስጡ አይቀርም። የሚሞሉት 1.2 ቮልቶቹ ባትሪዎች ይስማሙታል። ቁመናቸው አንድ ሆኖ 3.7 ቮልት የሆኑ ሊቲየም ባትሪዎች ገበያ ላይ አሉ፤ አራቱ ሲደመሩ 14.8 ይሆናሉ፤ የፍላሹን ቮልት አሳዳጊ ክፍል ያቃጥሉታል።

ፎቶ አንሺዋ፦ እሺ፣ በሬዲዮ አበራሁት እንበል። ካሜራው ላይ ምን ምን ልሙላ?

ጠጋኙ፦ ካሜራው ማንዋል ላይ። ፍላሹ ስለ ካሜራው የሚያውቀው ነገር የለም፤ ካሜራውም ስለ ፍላሹ። ሹተሩ 1/125 ላይ ይሁን፤ ርካሽ ትሪገር ጥቂት ይዘገያልና ከፍ ሲል የፎቶው አንድ ጎን ይጠቁራል። የዚህ ፍላሽ የጋይድ ቁጥር በአይኤስኦ 100 በሜትር 36 ያህል ነው። 36ን ለርቀቱ ስታካፍዪው አፐርቸሩን ይሰጥሻል። ሙሽሮቹ ከፍላሹ 4.5 ሜትር ከራቁ ኤፍ 8። አይኤስኦ 400 ላይ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል፤ በዚያው ርቀት ኤፍ 16። ብርሃኑ ከኮርኒስ ከተነጠረ ይህ ስሌት አይሠራም፤ አንዴ ተኩሶ ስክሪኑ ላይ ማየት ነው። 283 ማንዋል ላይ ጉልበቱ አንድ ብቻ ነው፣ ሙሉ። ግንባሩ ላይ ያለችው ተነቃይ ዓይን ግን የተመለሰውን ብርሃን እየለካች ብልጭታውን ትቆርጣለች። ጎኑ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አይኤስኦው ላይ አዙረሽ፣ ቀለሙን መርጠሽ፣ በዚያ ቀለም ትይዩ ያለውን አፐርቸር ካሜራው ላይ ትሞያለሽ። ዓይኗ ወደ ሙሽሮቹ ማየት አለባት፤ ትሪገሩ ወይም ገመዱ ከጋረዳት ፍላሹ ያለውን ሁሉ ይለቃል።

ፎቶ አንሺዋ ተቀባዩን ከቦርሳዋ አወጣች። ጀርባው ላይ የተጻፈውን 300 ቮልት ጠጋኙ በማጉያ መነጽር አነበበና ፍላሹን ሰካበት። ላኪው ካሜራው ላይ ገባ። እሷ 1/125 ሞልታ ወደ ግድግዳው አዞረችና ተኮሰች፤ ፍላሹ በራ፣ ሲር የሚለው ድምፅ እንደገና ጀመረ።